ሰባ ጥያቄ ያሳመመው አንገት

«አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ከሆነ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አንገት የተሠራበትን ዓላማ የዘነጋ ሕዝብ ሞልቶ ነበር፤ ተማሪው ሲሄድም፣ ሲበላም፣ ሲስቅም ዓይኑን ከስልኩ ላይ አያነሣም። ይህንኑ በቁጥር ለማስረዳት ቆርጣ የተነሣች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ተመራቂ ነበረች። ያገኘችውን ሁሉ «ቀና በል! ቀና በዪ!» ማለት ስለምታበዛ ጓደኞቿ «ኢንስፔክተር» የሚል ስም አውጥተውላታል።

ለመመረቂያ ጥናቷ ሰባ ጥያቄዎች አዘጋጅታ በስልክ አሠራጨች፤ ሦስት መቶ ተማሪዎችም ሞሉላት። «አሁን አንገትዎን ያምዎታል?» ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄ ሁለት መቶ ሰባ አንዱ «አዎ» ብለው መለሱ። አማካሪ መምህሯ ምስጋናን እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እንኳ «ግሩም ነው» አሉ። የቀራት በአምስተኛው ቀን ጥናቷን በፈታኞች ፊት ማቅረብ ብቻ ነው። ካለፈች ትመረቃለች፤ ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች።

ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ለማሳጠር ወደ አጎቷ ሱቅ ሄደች። አጎቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ አንገት መቼም አልቆለታል» አለቻቸው።

«የማን? የእኔ?» አንገታቸውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንደ አውራ ዶሮ አዟዟሩላት። «የበሬ አንገት ነው፣ የኔ እናት! ይልቅ ስልክሽን አስቀምጪና ልለካሽ። እንዲህ ጎብጠሽ ብለካሽ፣ ቀና ያልሽ ለት ቀሚሱ ከፊት አጥሮ ጉድ ይሠራሻል።»

አላመነቻቸውም። «እንግዲያው መጠይቄን ይሙሉልኝና እንይ» ብላ ስልኳን ሰጠቻቸው። አጎት መነጽራቸውን አጥልቀው ጀመሩ። ካውያው ቀዘቀዘ፤ አንድ ደንበኛ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሄደ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስልኩን መለሱላት።

«ጨረስኩ። መጨረሻዋ ላይ ‹አዎ› ብያለሁ።»

«አላልኩዎትም? ሠላሳ ዓመት አጎንብሰው...»

«ምን ሠላሳ ዓመት! አርባ ደቂቃ በዪ እንጂ። ስትገቢ ደህና አልነበርኩም? ያሳመመኝ ጥያቄሽ ነው!» ወደ በሩ ሊዞሩ ሞክረው አንገታቸው እምቢ ስላላቸው ከነወንበራቸው ዞሩ። «እኔ አንድ ስፌት ጨርሼ፣ ተነሥቼ ሳልተኩሰው ሌላውን አልጀምርም። አንቺ ግን ሰባውን ባንድ ትንፋሽ አሰፋሽኝ!»

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ወዲያው በስልኳ የመልሶቹን መዝገብ ከፈተች። እያንዳንዱ ተማሪ መጠይቁን ለመሙላት የፈጀበት ጊዜ ተጽፏል፦ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ፣ አርባ አራት፣ ሃምሳ አንድ። ሦስት መቶ ሰው አስጎንብሳ ስታበቃ፣ «አመመህ ወይ?» ብላ ጠይቃለች። የሰውን ሁሉ አንገት ለማቃናት ስትሮጥ፣ የገዛ ሥራዋን አንዴም ዞር ብላ አላየችም።

«ጋሼ፣ ጉዴ ፈላ» አለች። «ግን እስካሁን ማንም አላወቀም። መምህሩም ወደውታል። ዝም ብልስ?»

«ኮት ሲጠብ ‹ደንበኛው ወፍሮ ነው› የሚል ልብስ ሰፊ ሞልቷል» አሉ አጎት አንገታቸውን እያሹ። «እኔ ግን እፈታዋለሁ። ቀሚስሽን ነገ ትወስጃለሽ፤ አሁን ሂጂና ሥራሽን ፍቺ።»

ሦስት ጠዋት ወረቀት ይዛ በመማሪያ ክፍሎቹ በር ላይ ቆመች። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ሳያወጡ ያችኑ አንዲት ጥያቄ ትጠይቃቸዋለች።

«ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ደግሞ ጥፋቴ ምንድን ነው?» አላት አንዱ ረጅም ተማሪ።

«ጥፋቱስ የእኔ ነው። አንገትህን ያምሃል?»

«አሁንስ ደህና ነኝ። ያን መጠይቅሽን የሞላሁ ለት ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«‹አዎ› ብዬ ሞላሁልሽ እኮ!»

ከሦስት መቶው «አዎ» ያሉት አንድ መቶ ሃያ ስምንት ሆኑ።

በቀነ ቀጠሮው ከፈታኞቹ ፊት ቆመች። አስቀድማ የተሳሳተውን ቁጥር፣ ቀጥላ የስሕተቱን ምክንያት፣ በመጨረሻም አዲሱን ቁጥር አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። ዓመቱን መድገሟ ቁርጥ መሰላት።

አማካሪ መምህሯ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ልናዘዝ» አሉ ፊታቸው ሳይፈታ። «መጠይቁን ከመፍቀዴ በፊት እኔም በስልኬ ሞልቼው ነበር። ሁለት ቀን አንገቴ አልዞር ብሎኝ፣ ጀርባዬን ለተማሪ ሰጥቼ ሰሌዳውን ሳነብ ሰነበትኩ። ‹ዕድሜ ነው› ብዬ ዝም አልኩ።»

የፈታኞቹ ሰብሳቢ በመሐረብ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላኛው ፈታኝ መሸፈኑንም አልቻሉበትም።

ፈተናውን አለፈች። በተከታዩ ዓመት የትምህርት ክፍሉ በስልክ የሚሞላ መጠይቅ ከዐሥር ጥያቄ እንዳይበልጥ ወሰነ።