አርባ ዙር

ሱርጁ ማህቶ አባቱን ለመግደል አምስት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ቢገድለው ምንም አይጠቅመውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደመወዝና ጡረታ ካዝናዬን አራቆተው ብሎ የክልሉ መንግሥት አዲስ ቅጥር ከዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሱርጁ ሦስት ጊዜ ለፈተና ተመዘገበ፤ ሦስቱም ፈተና ተሰረዘ። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሚኖረውም በአባቱ እጅ ነው። አንድ በር ብቻ ክፍት ቀርቷል፦ ሠራተኛ ጡረታ ሳይወጣ ከሞተ ሥራው ለልጁ ይሰጣል። ይህንን ርኅራኄ ይሉታል። የጎረቤታቸው የጋንሱ አባት የቢሮው ደረጃ ላይ ልቡ ቀጥ አለና ሞተ፤ ጋንሱ ይኸው በወንበሩ ተንደላቆ ሻይ ያዛል። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት የሚውሉት ሥራ ፈቶች፣ አፋቸውን ይያዘውና፣ ሱርጁን ሲያዩ "አባትህ ጤናው እንዴት ነው?" ይሉታል። "ደህና ነው" ሲላቸው "አይ ያንተ ነገር! አልቀናህም!" ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ኋላ ላይ ሳቁ ቀረ።

አባቱ ሎቢን የባርካቶላ ከተማ ፓምፕ ቤት ሠራተኛ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ ትልቁን የብረት መዘውር አርባ ዙር ያዞርና ከተማው ውሃ ያገኛል። በመዝገቡ ላይ የተወለደው ጁላይ አንድ ነው። በዚያ ሰፈር አዛውንት የተባለ ሁሉ ጁላይ አንድ ነው የተወለደው፤ የድሮው መምህር ቀኑን የሚያውቅ ወላጅ ቢያጣ ለሁሉም አንድ ቀን ጻፈላቸውና ተገላገለ። ሰው ጡረታ የሚወጣው ስድሳ በሞላበት ወር መጨረሻ መሆኑን ሱርጁ በደንብ ያውቃል። እንግዲህ ጁላይ ሠላሳ አንድ ማለት ነው። ዛሬ ሃያ ስድስት ነው።

ለአሥር ሩብ ሲቀረው ዝናቡ እየደበደበው ፓምፕ ቤት ገባ። ሎቢን ቁጢጥ ብሎ የሚያኝከውን ትምባሆ ከኖራ ጋር በመዳፉ ያሻል።

"መጣህ?" አለ ሳይዞር። "እናትህ ምን ላከችልኝ?"

"ምንም አልላከችም ባባ። እርስዎን ልይ ብዬ ነው።"

"አየኸኝ። በል ቁጭ በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።"

ሱርጁ ከግድግዳው ላይ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ አወረደ። ሐሳቡ አናቱን ብሎ ከፓምፑ ሥር ያለው ውሃ ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነበር። ከዚያ አንሸራተተው ይላል፤ ማን ይጠይቀዋል? ሰነዘረ። በዚያችው ቅጽበት ሎቢን ትምባሆውን ሊተፋ ጎንበስ አለና ብረቱ ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት።

ሽማግሌው ግን አልወደቀም። ዞሮ ልጁን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ወዲያው በጭንቅላቱ አፍንጫውን መታው። ደም ቡልቅ አለ። ሱርጁ በጀርባው ወደቀ፣ መፍቻው ከእጁ ተፈናጠረ፣ ሎቢን ደረቱ ላይ ወጣበት። ሠላሳ ስድስት ዓመት መዘውር ያዞረ ክንድ ነው፤ አንዱ ብቻ ደህና ቢሆንም ጉሮሮውን ሲያንቀው ሱርጁ ዓለም ጨለመበት። አባቱን ጣቱን ነከሰው፣ ጥርሱ ከአጥንቱ እስኪጋጭ።

"አንተ ውሻ!" ጮኸ ሎቢን። "ምን በደልኩህ? ምን?"

"ሥራው!" አለ ሱርጁ እየታነቀ። ዕድሜ ልኩን እርስዎ ያለውን አባቱን አንተ አለው። "ሥራውን ስጠኝ! በአምስት ቀን ውስጥ ካልሞትክ እኔ አለቀልኝ!"

የሎቢን እጅ ላላ። "የምን ሥራ?" አለ፤ ልጁን እንደማያውቀው ሰው አየው። ሱርጁ በእጁ ዳበሰና መፍቻውን አገኘው። ጆሮ ግንዱን መታው። ደገመው። ሦስተኛውን ሊያወርድ ሲል አባቱ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ይስቅ ጀመር፤ በደም የተሞላ፣ የሚያስጠላ ሳቅ።

"ዘግይተሃል ሱርጁ። ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"ውሸት!"

"በወሩ አንደኛ ቀን የተወለደ የሚወጣው ባለፈው ወር መጨረሻ ነው። ደንቡ ነው አሉኝ። እኔስ መቼ አውቄ? ጁን ሠላሳ አንገቴ ላይ የአበባ ጉንጉን አድርገው ሸኙኝ። ወንዝ ጥዬው ነው ቤት የገባሁት።"

"ታዲያ በየቀኑ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ተተኪ አልላኩም። ቁልፉን ለማን ላስረክብ? ሰዉ ውሃ መጠጣት አለበት።" ሳል አቋረጠው። "ላንተም ወጣሁ ብዬ ልነግርህ ፈራሁ። በኔ ሥራ ላይ ተስፋ እንደጣልክ አውቅ ነበር... እንዲህ መስሎ ግን አልታየኝም።"

ሱርጁ መፍቻውን ጣለው። እዚያው ግድግዳው ሥር አስታወከ። ከውጭ ወረፋ የያዙ ሴቶች ባልዲ ያንኳኳሉ።

"ሎቢን ባባ!" አለች አንዲት ሴት። "አሥር ሰዓት አለፈ እኮ! ትምባሆዎን ዋጡት እንዴ?"

"ክፈተው" አለ ሎቢን።

"ባባ፣ ሐኪም ልጥራልዎት—"

"ክፈተው አልኩህ! በአንዴ አትልቀቀው፣ ቧንቧው ይፈነዳል። አርባ ዙር ነው። እኔ እቆጥርልሃለሁ።"

ሱርጁ መዘውሩን ያዘ። እጁ በደም ሙልጭ ሙልጭ አለበት፤ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና ያዘ። መዘውሩ እንዲህ እንደሚከብድ አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

"አንድ" አለ አባቱ ከወለሉ ላይ። "ቀስ። ሁለት። ወገብህን ተጠቀም እንጂ! ሦስት።"

አሥር ላይ ድምፁ ሰለለ። ሃያ ላይ ሹክሹክታ ሆነ። ሱርጁ እየጮኸ እያለቀሰ አዞረ። ሃያ ስድስትን ሰማ። ሃያ ሰባትን አልሰማም።

"ባባ?"

ወደ ኋላ ለመዞር አልደፈረም። ሃያ ሰባትን ራሱ ቆጠረ፤ ሃያ ስምንትን፤ እስከ አርባ። ውሃው ከእግሩ ሥር በቧንቧው እያጓራ ወደ ከተማው ሄደ፤ ውጭ ሴቶቹ እልል አሉ።

"ተባረኩ ሎቢን ባባ!" አለች ያችው ሴት። "ዕድሜ ይስጥዎት!"

ደግማ ተጣራች። ሱርጁ መዘውሩን እንደጨበጠ፣ በአባቱ ፈንታ "አሜን" አለ።