ሰርቨሩ በቃሉ የያዘው

ኤሌክትሪሺያኑ መሰላሉ ላይ ወጥቶ አንድ እጁን ኃይል በሚቆርጠው ብሬከር ላይ አሳርፏል። ለሰርቨር ክፍሉ ኃይል የሚያመጣው ገመድ መጋል ስለጀመረ ዛሬ ረፋድ ላይ መቀየር አለበት። ለአምስት ደቂቃ ኃይል ይጠፋል፤ ከዚያ ሁሉም ይነሣል ተብሏል።

"ላጥፋው ወይስ እዚሁ ላርጅ?" አለ።

አለቃችን ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሰርቨሩን ኮንፊግ ፋይል፣ የአሠራር መመሪያውን የያዘውን፣ ከፍቼ የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ሆስፒታሉ ክፍሎች የሚያልፍባቸውን መስመሮች አጥፍቼ ነበር፤ በአዲስ ልተካቸው። ስልክ ጠራ፤ እንዳለ ሴቭ አድርጌው ሄድኩ፤ ረሳሁት። ቅጂም አላስቀረሁም። ሰርቨሩ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሣ ብቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ የድሮውን በቃሉ ይዞ ሲሠራ ከርሟል። አሁን ጠፍቶ ቢነሣ የሚያነበው የእኔን ጎዶሎ ፋይል ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ደግሞ የደም ውጤት የሚጠበቅላቸው ሰዎች ተኝተዋል።

ነገሩን ያየሁት ጠዋት ነው። ለብቻዬ ልጠግነው ስታገል ሰዓቱ ደረሰ።

"ጋሼ" አልኩ። ወደ አለቃችን ዞርኩ። "ጋሼ፣ እንዳይጠፋ!"

ኤሌክትሪሺያኑ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ሦስት ሳምንት?" አሉ አለቃችን። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ያውም ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብለሽ!" ወደ መሰላሉ ዞሩ። "ስንት ደቂቃ ትሰጠናለህ?"

"ገመዱ እንቁላል ይጠብሳል ጋሼ። ሩብ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ እኔ ባላጠፋው ራሱ ያጠፋዋል።"

አለቃችን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰርቨሩ የላከውን ሁሉ ይመዘግባል። እሳቸው ከዛሬው መዝገብ የትኛው ክፍል በየት እንደሚያልፍ ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን በትርፍ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ አልተነሣም። አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር። አወጣሁት።

"እህቴ፣ የመቃጠል ሽታው መጥቷል" አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከላይ።

"አንዴ፣ አንዴ ብቻ!" ሞከርኩት። ተነሣ። ፋይሉን ወደ ሰርቨሩ አሻገርኩ። "አጥፋው።"

የማቀዝቀዣዎቹ ጩኸት ቀጥ አለ። አምስቱ ደቂቃ አላልፍ አለ። ገመዱ ተቀይሮ ኃይል ሲመለስ የክፍሎቹን የውጤት ገጾች አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። ቀዶ ጥገና ተከፈተ። ድንገተኛ ተከፈተ። አለቃችን "እፎይ" ብለው ኤሌክትሪሺያኑን ሊጨብጡት ተነሡ።

ማዋለጃ ክፍል ባዶ ገጽ ሆነብኝ። ዛሬ ከዚያ ውጤት የጠየቀ ሰው ስላልነበረ መዝገቡ ላይ አላገኘነውም።

"ጋሼ፣ ማዋለጃ ቀርቷል!" አልኩ ጮክ ብዬ። "የላቦራቶሪ ሠራተኞች ለእነሱ ውጤቱን በስልክ ይንገሯቸው።"

አለቃችን የዘረጉትን እጅ መልሰው ስልኩን አነሡ። እኔ የማዋለጃን መስመር ልፈልግ የትናንቱን መዝገብ ከፈትኩ።