ጀርባውን የሰጠ ሦስት ማዕዘን

ጉንቮር ሶደርሆልም አርባ ዓመት በጀልባ ላይ ገመድ ስትጠመጥም የኖረች የደሴት ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች በኋላ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በሚሰጠው፣ በኮምፒውተር ሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም የመጻፍ ትምህርት ስትመዘገብ ምክንያቷ አንድ ነበር። አባቷ ሩናር፣ መርከቦችን በድንጋዮቹ መካከል ይመራ በነበረበት ዘመን፣ በገመድ ጫፍ የብረት ክብደት አስሮ የባሕሩን ጥልቀት ስፍራ በስፍራ ለክቶ ሦስት ደብተር ሞልቷል። የባሕሩን ወለል በመዳፉ ያውቀዋል እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አሁን ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ ሐኪሙም የቀረው የዓይኑ ብርሃን እስከ መከር እንደማይቆይ ነግሮታል። ጉንቮር ቁጥሮቹን ሥዕል አድርጋ ልታሳየው ቃል ገብታ ነበር።

ትምህርቱን የሚሰጠው ማኅበር ሕግ ሁለት ነው። መካሪ እጁን ከኋላው አጣምሮ ይቆማል፤ የሌላውን ኪቦርድ የነካ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሁሉም ሄል የገባበት ዳቦ ጋግሮ ያመጣል። እስከ አራተኛው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ ሦስት ማዕዘን በፕሮጀክተር በግድግዳው ላይ ያላሳየ ደግሞ ወንበሩን ተራ ለሚጠብቅ ይለቃል። ቀጣዩ ትምህርት የሚከፈተው ከመከር በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይብረሪውን በማውረድ አለቀ። ላይብረሪ የሚሉት ሌሎች አስቀድመው የጻፉትን፣ መስኮት የሚከፍተውንና ቀለም የሚቀባውን የትእዛዝ ክምችት ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ኮምፒውተሩ የትእዛዞቹን ስም ዝርዝር አገኘ፤ ትእዛዞቹን ራሳቸውን ግን አጣ።

«ዝርዝሩ ያለበትን ፎልደር ነገርሽው፤ ዕቃው ያለበትን አልነገርሽውም» አለች አስተማሪዋ ሂልካ፣ እጆቿን ከኋላዋ እንዳጣመረች።

«ጎን ለጎን ተቀምጠው?»

«ቢተቃቀፉም አይገምትልሽም።»

ጉንቮር የሁለተኛውን ፎልደር አድራሻ ፊደል በፊደል ጻፈች። በዚያም ቀን ከኮምፒውተሩ ጋር የማይስማማውን ቨርዥን ማውረዷ ታወቀ። ሁሉን አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች። በሦስተኛው ቅዳሜ መስኮቱ ተከፈተ፤ ባዶና ጥቁር ነበር፤ ግን ተከፈተ።

በአራተኛው ቅዳሜ አባቷን ይዛ መጣች። ከደብተሩ ሦስት ልኬቶችን መርጣ፣ የእያንዳንዱን ስፍራና ጥልቀት በማኅበሩ የመነሻ ፋይል ውስጥ አስገባች፤ ጥልቁ ጠቆር፣ ጥልቀት የሌለው ፈካ እንዲል አዘዘች። አስነሣችው። መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ኮምፒውተሩ ስሕተት አለ አላለም፤ ቢል ይሻላት ነበር።

ቦርዬ የተባለው አናጢ፣ የአይብ ቁራጭ የመሰለ ቢጫ ሦስት ማዕዘኑን ገና በጠዋት ያሳየው፣ አንገቱን አሰገገ።

«የሌሊት ባሕር ነው እንዴ? ቁርጥ እርሱን!»

«አንተ አርፈህ አይብህን ተመልከት።»

«አይብም ቢሆን ይታያል፣ እመቤቴ።»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆነ። ሂልካ መስመሮቹን ሁለት ጊዜ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ትእዛዞቹም ትክክል ናቸው።

«የትኞቹን ልኬቶች ነው ያስገባሽው?» አለ ሩናር ከተቀመጠበት።

«ከሰሜኑ ድንጋይ ጀመርኩ አባዬ፤ ከዚያ ምሥራቁ፣ ከዚያ ደቡቡ።» እየተናገረች እጇ በአየር ላይ ዞረ።

ሂልካ አፍጥጣ እጇን አየች። «እስቲ እንደገና አሳዪኝ።»

ጉንቮር ደገመች። እጇ በዚያው በኩል ዞረ።

የሂልካ ቀኝ እጅ ወደ ኪቦርዱ ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ትዝ አላትና ወደ ኋላዋ መለሰችው።

«ዳቦ አመለጠን!» አለ ቦርዬ።

«ለምንድን ነው በዚያ በኩል የምትዞሪው?» አለች ሂልካ።

«በየት ልዙር ታዲያ? ገመድ የሚጠመጠመው ከፀሐይ ጋር፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው።»

«በተቃራኒ የጠመጠመውን እኔ ራሴ ከጀልባ አወርደው ነበር» አለ ሩናር። «ሲወረወር ይቋጠራል። የሰው እግር ይዞ ይወርዳል።»

«በጀልባው እውነትዎን ነው» አለች ሂልካ። «በዚህ ፋይል ግን ሦስት ማዕዘን ፊትና ጀርባ አለው። ማዕዘኖቹ ከፀሐይ በተቃራኒ ከተቆጠሩ ፊቱ ነው፤ ከፀሐይ ጋር ከተቆጠሩ ጀርባው ነው። ጀርባ ደግሞ አይቀባም፤ ማንም ለማያየው ነገር ድካም አይባክንም።»

«ስለዚህ የለም ማለት ነው?»

«አለ እንጂ! በየሴኮንዱ ስልሳ ጊዜ ይሰላል። ስፍራውን ይዞ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶሽ ነው።»

ጉንቮር ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለከተች። ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው ብላ የናቀችው ስፍራ ባዶ አልነበረም። የጎደለ ቁጥር፣ የጠፋ ትእዛዝ አልነበረም፤ ሁሉም ሞልቶ ሳለ አይታይም ነበር። በሕይወቷ ስንቱን ነገር የለም ብላ እንዳለፈችው አሰበች፤ ሰዓቱ ግን ለዚህ ጊዜ አልሰጣትም።

«ጀርባውንም ቀባ ብለሽ ልታዢው ትችያለሽ» አለች ሂልካ፤ «ወይም ቆጠራውን ታዞሪዋለሽ።»

ቀላሉ የመጀመሪያው ነበር። ጉንቮር ግን ፊቱን ፈለገች። የምሥራቁን ድንጋይ መስመር ከደቡቡ በታች ልታወርድ ጣቷን አነሣች፤ ጣቷ አየር ላይ ቆመ። አርባ ዓመት የለመደ እጅ እምቢ ይላል።

«ውኃ ላይ አይደለሽም፣ ልጄ» አለ ሩናር ቀስ ብሎ። «ቁጠሪው።»

ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ። አስነሣችው።

ሦስት ማዕዘኑ ከጥቁሩ ውስጥ ወጥቶ ግድግዳውን ሞላ። በሰሜን እንደ ጥልቀት የለሽ ውኃ የፈካ አረንጓዴ ነበር፤ ወደ ደቡብ እየሄደ ሰማያዊ ሆነ፤ በምሥራቁ ጫፍ ሌሊት መሰለ። የሰጠችው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለውን፣ ማንም ገመድ ያልጣለበትን ስፍራ ሁሉ፣ ላይብረሪው ራሱ ከቀለም ወደ ቀለም እያሸጋገረ አልብሶታል። ያ ሙላት እውነተኛው ወለል እንዳልሆነ፣ የሦስቱ ልኬቶች ግምት ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም ከመንበርከክ ያገዳት ወንበሩ ነበር።

ቦርዬ ቆቡን አወለቀ። «ይኼስ አይብ አይደለም» አለ።

ሩናር ተነሥቶ አፍንጫው ግድግዳውን እስኪነካ ቀረበ። መዳፉን ጨለማው ጫፍ ላይ አኖረ፤ ሰማያዊው ብርሃን በእጁ ጀርባ ላይ ፈሰሰ።

«እዚህ ጋ ብረቱ ጭቃ ይዞ ወጣ» አለ። «ሠላሳ አንድ ሜትር። ነፋሱ ከምዕራብ ነበር።»

ሰዓቱ ለዘጠኝ ዐሥር ጉዳይ ነበር፤ ሂልካ በመዝገቡ ላይ ከጉንቮር ስም ፊት ምልክት አደረገች።

«ከደብተሩ ስንት ቀረ?» አለ ሩናር፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ሁለት ሺህ ያህል፣ አባዬ።»

«ከመከር በፊት መግባት አለበት እንግዲህ።» ከዚያም እጁን ከግድግዳው ሳያነሣ፣ ደብተሩንም ሳይከፍት፣ አራተኛውን ልኬት ነገራት።