ራስል የጠበቃት መኪና

ጎረቤቴ ራስል ቮገል በዕድሜው አንድም መኪና የራሱ አድርጎ አያውቅም። እዚህ ሊቮኒያ ከተማ ግማሾቻችን የምንነዳው በኪራይ ነው፤ ሦስት ዓመት ነድተህ ትመልስና ሌላ ትወስዳለህ። ራስል ግን ነገሩን ሃይማኖት አደረገው። የመጨረሻውን ውል ሲፈርም አዲሱ ሞዴል መቼ እንደሚወጣ ከየወሬው ለቃቅሞ፣ ወሩን ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ አሮጌዋን በሚመልስበት ሳምንት አዲሷ እንድትደርስለት አድርጎ ነበር። እኔ የገዛኋትን አንዲት መኪና ስነዳ ባየ ቁጥር እንደ በሽተኛ ያዝንልኛል።

ጥቅምት ላይ ፋብሪካው አዲሱ ሞዴል ለመጋቢት ተላልፏል አለ። ሌላ ሰው ቢሆን የተገኘችውን ወስዶ ይገላገል ነበር። ራስል ውሉን በየወሩ ማራዘም ጀመረ። ችግሩ፣ ውሉ የሚፈቅደው ማይል ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ከዚያ ካለፈ በየማይሉ ቅጣት ይከፈላል። ስለዚህ መኪናዋን ጋራዥ አስገብቶ ሸራ አለበሳት። የስልሳ አንድ ዓመት ሰውዬ ወተት አንጠልጥሎ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ሰፈሩ ሁሉ አየው። ሚስቱ ማርላም ሥራ የምትሄደው በሰው መኪና ተዳብላ ሆነ።

ጥር ላይ የማርላ አባት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሽማግሌው ብቻቸውን የሚኖሩት ወደ ሰሜን፣ ኤስካናባ ነው። የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ሄጄ እነራስል ወጥ ቤት ቆሜ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። ማርላ ወደ አባቷ ውሰደኝ ስትለው፣ ራስል መንገዱ ደርሶ መልስ ከስምንት መቶ ማይል በላይ መሆኑን አስረዳት፤ አውቶብስ እንዳለም አልረሳም።

"አባቴ ነው እኮ፣ ራስል" አለችው ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ። ግን ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረን።"

"ለምኑ?"

ወደ ጋራዡ በር ዞሮ አየ። እኔ አፈርኩለት፤ እሱ ግን አላፈረም።

በማግስቱ ማርላን በራሴ መኪና እኔው ወሰድኳት። ወደ ሰሜን የሚያሻግረውን ትልቅ ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ "ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር እኔን እንዲህ ጓጉቶ ጠብቆኝ አያውቅም" አለችና ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው ባሏ የት እንደቀረ ሲጠይቋት ሥራ በዝቶበት ነው አለቻቸው። ሽማግሌው እኔን ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ። ማርላ እሳቸውን ልታስታምም እዚያው ቀረች፤ እኔ ብቻዬን ተመለስኩ።

አዲሷ መኪና እንደገና ዘግይታ የወጣችው ግንቦት ላይ ነው። ራስል በተረከባት በሦስተኛው ቀን ወደ ኤስካናባ ከነፈ፤ አሁን ያልተነካ ማይል አለዋ። የሆነውን ማርላ በስልክ ነገረችኝ። አባቷ በምርኩዝ በረንዳ ላይ ቆመው ነበር። ራስል ከሰላምታ በፊት በሩን ከፍቶ መቀመጫው በክረምት እንደሚሞቅ አሳያቸው።

"ጥሩ ሰዓት ላይ ነው የመጣኸው" አሉት ሽማግሌው። "እኔም ድኛለሁ።"

ራስል ማርላን "ነይ ግቢ፣ ቤታችን ልውሰድሽ" አላት። እሷ እዚያው ኤስካናባ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ መያዟን ነገረችው፤ መኪናዋ ቆንጆ መሆኗንም አልደበቀችም። ከዚያ አባቷን ደግፋ ወደ ውስጥ ገባች። እሱ በመኪናዋ መስታወት ላይ የተለጠፉትን ትንኞች ጠራርጎ ተመለሰ።

መስከረም ላይ ተፋቱ። ራስል ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ "ሚስቴን የወሰደብኝ እሱ ነው" ብሎ ለሰፈሩ ያወራል። ለመውሰዱስ አዎ፣ ወስጃታለሁ። እሱ አልወስድም ብሎ ነው።