የሳሙናው ሱቅ አጀማመር

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፤ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በጁባ ከተማ፣ ሀይ ጀላባ በተባለው ሰፈር፣ ጅምላ ነጋዴው አቶ ሰማን ካልሲያቸውን በገዛ እጃቸው አጥበው በሱቃቸው በር ላይ አሰጡ።

ካልሲው ጥቁር ነበር። በደንብ ስላልተለቃለቀ ሲደርቅ በሳሙና ነጣ። እኔ ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ስላለኝ አየሁት፤ ደንበኞቼም በመስታወቱ አዩት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰማንና ሚስቱ ዓሊማ መኳረፋቸውን ሀይ ጀላባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዐወቀ፤ ዐውቆም እንዳላወቀ ሆነ። (ከዚህ በኋላ ሰማን እለዋለሁ። ለአንቱታ የሚበቃ ዕድሜ አለው፤ ግን ጆሮውን አጣጥፌ የማስተካክለው ሰው አንቱ ሊሆንልኝ አልቻለም።)

ምክንያቱንም እናውቅ ነበር። በዋዜማው፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሰማን ከካምፓላ የመጡ ሁለት ነጋዴዎችን ሱቁ ውስጥ ምሳ ጋበዘ። እነሱም ሱቁን እንዴት እንደጀመረው ጠየቁት።

«በአንድ ካርቶን ሳሙና» አለ። «አንድ ካርቶን፣ እነዚህ ሁለት እጆቼና አላህ። ይኸው።» እጁን ከዘይቱ ጀሪካን እስከ ሩዙ ጆንያ ድረስ አዞረው።

ዓሊማ የውሃ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር። ጆጉን አስቀምጣ ወጣች። በታሪኩ ውስጥ ካርቶኑ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ እጆቹ አሉ፣ አላህም አለ። የሌለችው እሷ ብቻ ነበረች።

በሳምንቱ ለቅዳሜ የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠች። «እህቴን አሟታል» አለች። ምን እንደሆነች አልጠየቅናትም፤ በሽታ ፈጥራ ስም እንድታወጣለት ማስቸገር ነው። «እግዜር ይማርልሽ» አልናት። ሰማንም «አላህ ያሽራት» አለ፣ እሷ እንድትሰማው፣ ለእኔ። ቲኬት ቢሮው ውስጥ የምትሠራው ክርስቲና ግን ቲኬቱን አይታዋለች። መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም። ይህንንም ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም፣ ለሁለት ሰው ካልሆነ በቀር።

ያን ሰሞን ባልና ሚስቱ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ይነጋገሩ ነበር፤ እሱም በእንግሊዝኛ።

ከመንግሥት ቢሮ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነብን፣ አራታችን፣ ማለትም ሰማን፣ ዓሊማ፣ ክርስቲናና እኔ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ማላኪያ ሰፈር፣ ኩዎል ግቢ እየሄድን እንማራለን። ኩዎል ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ያደገ፣ ከሰላም ስምምነቱ በኋላ አገሩ የገባ መምህር ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ክርስቲናም እዚያው ያደገች ናት፤ በዲንካ ትጸልያለች፣ በአማርኛ ትቆጣለች። ኩዎል ተማሪ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጣል። ሰማንና ዓሊማ ከድሮም ጥንድ ነበሩ፤ ካኮረፉም በኋላ አልለያቸውም።

«ሃው አር ዩ?» ይላታል ሰማን፣ ግድግዳውን እያየ።

«አይ አም ፋይን። ሃው አር ዩ?» ትለዋለች፣ ሌላውን ግድግዳ እያየች።

«አይ አም ፋይን።»

ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው እስኪል ድረስ ፋይን ነበሩ። በአማርኛ ቢሆን ሰፈር ይሰማ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ለመጣላት የሚበቃ ቃል አልነበራቸውም፤ ያላቸው ለመከባበር ብቻ ይበቃል።

ከዓሊማ ጉዞ በፊት ያለው የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። ኩዎል ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፈ።

«ዛሬ የአንድን ነገር አጀማመር ነው የምንናገረው» አለ። «ኦሪጅናሊ፣ ከመሠረቱ። ኢኒሺያሊ፣ በጅምሩ። አት ፈርስት፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበር፣ ኋላ ግን ሌላ ሆነ ለማለት።»

«ለአንድ መጀመሪያ ሦስት ቃል?» አለች ክርስቲና። «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?»

«አንዳንዱን ነገር የጀመረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም» አለ ኩዎል፣ ጠመኔውን እየመረመረ። ሰማን የጫማውን ክር አሰረ። ታስሮ ነበር።

መጀመሪያ እኔ ተነሣሁ። ኦሪጅናሊ የፀጉር ቤቴ ወንበር የጥርስ ሐኪም ወንበር እንደነበር፣ አሁንም አንዳንድ ደንበኛ ሲቀመጥበት አፉን እንደሚከፍት ተናገርኩ። ክርስቲና ቀጠለች፦ አት ፈርስት አለቃዋ ስሟን አያውቅም ነበር።

«አሁንስ?» አለ ኩዎል።

«አሁንም አያውቅም።»

«ካልተለወጠማ አት ፈርስት አይሆንም።»

«ይለወጣል ብዬ እኮ ነው ቲቸር። አታስቸኩለኝ።»

ሦስተኛው ሰማን ነበር። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ቆመ። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ኦሪጅናሊ ሱቄ ሱቅ አልነበረም። ኢኒሺያሊ አንድ ካርቶን ሳሙና ነበረኝ።»

ያው የምሳው ታሪክ ነበር፣ ኮት ለብሶ የመጣ። ዓሊማ ደብተሯን ዘጋች። ክርስቲና አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ቬሪ ጉድ» አለ ኩዎል። «ከዚያስ? ሳሙናው እንዴት ተሸጠ? አት ፈርስት የሚለው ቀርቶሃል ጋሽ ሰማን።»

ሰማን ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነበር።

«አት ፈርስት...» አለ። ቆመ። «አት ፈርስት ታመምኩ።»

«ምን ታመምክ?»

«ማላሪያ።»

«ለስንት ቀን?»

ሰማን መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ቁጥሩን በእንግሊዝኛ የፈለገው መስሎኝ ነበር፤ እስከ መቶ ግን ያውቃል፣ ጅምላ ነጋዴ ነው። ወደ አግዳሚው ዞረ።

«ዓሊማ» አለ፣ በአማርኛ። «ስንት ቀን ነው የተኛሁት?»

ከኩርፊያው ወዲህ ስሟን ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ዓሊማ የደብተሯን ጠርዝ በጥፍሯ አስተካከለች።

«አርባ አንድ» አለች።

«አርባ አንድ? እኔ እኮ አንድ ሳምንት ነው የሚመስለኝ።»

«አንተማ ምን ታውቃለህ። የአባትህን በጎች ስትቆጥር ነበር። አንዲቱ ጠፋችብኝ ብለህ ሌሊቱን ታስነሣኝ ነበር።»

«ሳሙናውንስ ማን...»

«ማን ይሆን?» አለች። «ኮኞ ኮኞ ገበያ፣ መሬት ላይ ፌስታል አንጥፌ። ሙሉውን የሚገዛ ስላልነበረ ረጅሙን ሳሙና በሲባጎ አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ።»

«አረብኛ ሳትችይ?» አለች ክርስቲና፣ የሌላ ሰው የንግግር ተራ መሆኑን ረስታ።

«ሁለት ቃል ነበረኝ። ሳቡን። ከዌስ። ሳሙና፣ ጥሩ ነው። ሌላ ነገር ሲጠይቁኝ ያንኑ እደግመዋለሁ። ማታ ለእሱ ኪኒን ይዤ እገባለሁ፤ ጠዋት ሌላ ካርቶን ይዤ እወጣለሁ። ስትነሣ አምስት ካርቶን ተደርድሮ አገኘህ። አላስታወስክም?»

«አምስቱንማ አስታውሳለሁ።»

«‹ዓሊማ፣ ይሄ በረከት ነው› አልክ። ደስ አለህ። እኔም አልተከራከርኩህም። ገና ግድግዳ ይዘህ ነበር የምትሄደው።»

ኩዎል ጠመኔውን አስቀምጦ ክርስቲና አጠገብ፣ ተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሰማን ብቻውን ሰሌዳው ፊት ቀረ፤ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ፣ እንደገና ዘረጋው።

«ለካ መጀመሪያውን አላውቀውም» አለ። «ሰው ሲጠይቀኝ፣ እኔ ከነቃሁበት ነው የምጀምረው።»

«ልትጠይቀኝ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ሱቁ ከተከፈተ አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት» አለ ሰማን። «ማሌሽ፣ ዓሊማ።»

ይቅርታውን በአረብኛ አደረገው፤ በአማርኛ ለማለት ገና ጉልበት አልነበረውም መሰለኝ። እሷ አግዳሚው ላይ የነበረውን ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ቦርሳው የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ሰማን ትንሽ አየውና ሄዶ ተቀመጠበት።

ሰዓቱ አልፎ ነበር። ኩዎል ጉሮሮውን ጠረገ። ለስንብት የሚሆን ንግግር እንዳዘጋጀ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም የራሴ አለኝ፣ ክርስቲናም ለታማሚዋ የምትልከው አንድ ጠርሙስ ማር አምጥታለች።

«እንግዲህ እትዬ ዓሊማ» አለ ኩዎል፣ ተነሥቶ። «ዛሬ የመጨረሻ ቀንሽ እንደመሆኑ፣ በክፍሉ ስም፣ መልካም መንገድ፣ እህትሽንም...»

ዓሊማ ደብተሯን ከፈተች፤ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለሰኞ የቤት ሥራ አልሰጠኸንም።»

ክርስቲና ማሩን በቀስታ አግዳሚው ስር አስገባችው። ስለ እህትየዋ ጤና የጠየቀ የለም።

ኩዎል ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሦስቱን ቃላት አጠፋ። ለሰኞ ያሰበው ነገር አልነበረም፤ የሚጽፈው እስኪመጣለት ድረስ የጠራውን ሰሌዳ ደግሞ ያጠፋ ጀመር።