ሃያ ሦስት ደቂቃ

በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ ባልደረቦቿ «ሰከንድ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ለሽሙጥ ነው። ደም ተቀድቶ በተወሰነለት ደቂቃ ውስጥ እጇ ካልገባ አትቀበልም፤ የላከው ዋናው ሐኪም ቢሆን እንኳ ናሙናውን ትመልሰዋለች። ስሙ ጆሮዋ ሲደርስ አልከፋትም። እንዲያውም ሳትወደው አልቀረችም።

አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። የቀኝ ጉልበታቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው ሰከንድ ናት። ታላቅ ወንድሟ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስላለው «ሱቅ ዘግቼ የት እሄዳለሁ» ይላል፤ የሱቁ ነገር እውነትም ምክንያትም ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናቷን ከዓይን ሐኪም ስትመልስ የሕንፃው መንገድ ግራና ቀኙ በመኪና ተሞልቶ አገኘችው። መሰላልና የቀለም ባልዲ ከጫነ አንድ ፒክአፕ ጎን መኪናዋን ደርባ አቆመች፤ ፍሬቻውን ግራና ቀኝ አብርታ እናቷን ደግፋ ወደ ላይ ወጣች። ስትመለስ የመስታወት መጥረጊያው ሥር ወረቀት ተሰክቶ ጠበቃት። የፒክአፑ ባለቤት፣ ልብሱ በቀለም የተዥጎረጎረ ሰው፣ መሪው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አስነስቷል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችው። ሰውየው አያት አያትና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። አሁን የመጣ መሰላት። መኪናዋን አንስታ መንገድ ለቀቀችለት።

ወረቀቱን ያነበበችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። የጥፋቱ ዓይነት ደርቦ ማቆም ይላል። ከሥሩ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ተጽፈዋል፦ «የታየበት አራት ሰዓት ከአምስት፤ የተጻፈበት አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት።» በመጀመሪያ ሁለት ሰዓቶች ለምን እንደተጻፉ አልገባትም። ደጋግማ ስታነበው ገባት። ከሥሩ የፈረመችው ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ቆሞ አይታ፣ ጠብቃ፣ ሰው ሲጠፋ ነው የቀጣችው ማለት ነው። በመካከሉ ሃያ ሦስት ደቂቃ አለ። ሰከንድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ይሄ ውሸት ነው» አለች፤ ቤት ውስጥ ግን የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ወንድሟ ዘንድ ደውላ ስታማክረው ከፍለሽ ተገላገይ አላት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ተረተባት።

«ንጉሥ መቼ ከሰስኩ» አለችው። «እኔ የምከሰው የተሳሳተ ሰዓት ነው።»

ሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ስድስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊ የቅሬታ ቅጽና የደንቡን ቅጂ ሰጠቻትና ቅሬታ የሚቀርበው በአሥር ቀን ውስጥ መሆኑን ነገረቻት። ሰከንድ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ደንቡን አነበበች። ማንም አሽከርካሪ ከቆመ መኪና ጎን ደርቦ ማቆም አይችልም ይላል። ቀጥሎ ግን አቅመ ደካማ ወይም ሕመምተኛ ለማውረድ ሲሆን፣ ለዚያ ብቻ ለሚያስፈልገው ጊዜ ይፈቀዳል። «ለዚያ ብቻ» የሚለውን በእስክሪብቶ አሰመረችበት። ነገሩ ደስ አላት። ጉዳዩ የጊዜ ከሆነ በእሷ ሙያ ገቡላት።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ እናቷ ሕንፃ ሄዳ ደረጃውን ቆጠረች፤ ሃምሳ አራት ነው። እናቷን አልጠራቻቸውም። የእሳቸውን እርምጃ አስመስላ፣ በየደረጃው ሁለቱንም እግር እያሳረፈች፣ በየፎቁ ትንፋሽ እየሰበሰበች ወጣች። ስምንት ደቂቃ ፈጀባት። መውረዱ አንድ ደቂቃ ወሰደ። ከሁለተኛው ፎቅ በር ከፍታ ያየቻት አንዲት ጎረቤት አሟት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ «እየለካሁ ነው» ብላ አለፈቻት። ቅሬታዋን በሁለት ገጽ ጻፈች። መውጣት ስምንት፣ መውረድ አንድ፣ ጠቅላላ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ስለዚህ ሃያ ሦስት ደቂቃ ሊሆን አይችልም። «እናቴን አድርሼ ወዲያው ወረድኩ» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለበት። እውነት ነው ብላ ነው የጻፈችው።

ጸሐፊዋ ቅሬታውን ተቀብላ፣ የእናትየው የጉልበት ሕመም በሐኪም ማስረጃ ወይም በራሳቸው ቃል መረጋገጥ እንዳለበት አስረዳቻት። የሐኪም ማስረጃ እስኪወጣ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ሰከንድ እናቷን ይዛ መሄድ ግድ ሆነባት።

በቀጠሮው ቀን መኪና ውስጥ ምን እንደሚሉ ነገረቻቸው። ጉልበቴን ያመኛል፣ ልጄ ደግፋ አወጣችኝ ማለት ብቻ ነው። እናቷ እሺ አሉ። ትንሽ ቆይተው ትራፊኳም ትመጣለች ወይ ብለው ጠየቁ። ትመጣለች አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እስኪደርሱ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩ።

ቅሬታ ሰሚው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛቸውን ሦስት ወንበሮች ከበውታል፤ ከመስኮቱ ሥር በገመድ የታሰረ የፋይል ክምር አለ። ትራፊኳ ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ ቀጭን ልጅ ናት፤ ወንበር ቢኖርም ቆማ ነው የቀረችው። ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ አነበበች። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ መኪናው ተደርቦ ቆሞ አየች፣ ፊሽካ ነፋች፣ ጠበቀች፤ የታገደው ቀለም ቀቢ ሥራ እንደረፈደበት ነገራት፤ አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ቀጣች።

ሰከንድ ተራዋ ሲደርስ ዘጠኝ ደቂቃዋን አስረዳች። ድምፅዋ ለሐኪም ውጤት እንደምታሰማው ዓይነት ነበር። ከዚያም የታየበት የተባለው ሰዓት በኋላ የተሞላ ይመስለኛል አለች።

ቅሬታ ሰሚው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ለትራፊኳ፣ ሰዓት ፈጥሮ መጻፍ ከሥራ እስከ መሰናበት የሚያደርስ ጥፋት መሆኑን አስታወሷትና በኋላ ሞልታው እንደሆነ ጠየቋት። አልሞላሁም አለች። ሌላ የምትጨምረው እንዳለ ጠየቋት። የለኝም አለች። ደብተሩን ዘግታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጣቶቿ ደብተሩን ጨብጠው ነጭ ሆነው ነበር። የሰከንድ እናት ዓይናቸውን ከእነዚያ ጣቶች ላይ አላነሱም።

«እማማ» አሉ ቅሬታ ሰሚው፤ «ልጅዎ ቤትዎ ካደረሰችዎ በኋላ ወዲያው ወረደች?»

እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሰከንድ ጉልበታቸውን እንዲጠቅሱ ስትጠብቅ፣

«አልወረደችም» አሉ። «ቁጭ ብላ ሻይ ጠጣች።»

ሰከንድ «እማዬ» ብላ ጀመረችና አቆመች።

«ይቺ ልጅ አልዋሸችም» አሉ እናትየው ትራፊኳን በአገጫቸው እያመለከቱ። «በመስኮት አይቻታለሁ። መኪናውን ስትዞር፣ ፊሽካ ስትነፋ። ያ ባለ ቀለሙ ሰውዬም እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። ልጄ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ስለነበር አላየችም።»

«ለልጅዎ አልነገሯትም?»

«አልነገርኳትም። መስኮቱን ዘጋሁት።»

«ለምን?»

«ብነግራት ትሄዳለቻ።»

ቅሬታ ሰሚው ብዕራቸውን አነሱ። ከዚያ ጻፉ። ደንቡ ለማውረድ ብቻ ለሚያስፈልገው ጊዜ እንደሚል፣ ሻይ እዚያ ውስጥ እንደማይገባ፣ ስለዚህ ቅጣቱ እንደሚጸና ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡላቸው። የውሳኔውን ወረቀት ፈርመው ለእናትየው ሲያቀብሉ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

ኮሪደር ላይ ሰከንድ ትራፊኳን ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቷ ብዙ ሰው ሰዓቱ የውሸት ነው እንደሚል፣ ግን ተመልሶ ይቅርታ የሚጠይቅ እንደማያጋጥማት ተናገረችና ኮፍያዋን አድርጋ ወጣች። ሰከንድ መስኮቱ ላይ ቅጣቷን ስትከፍል እናቷ ቦርሳቸውን መክፈት ጀምረው ነበር፤ በዓይኗ ከለከለቻቸው።

ሦስቱን ፎቅ ደግፋ አወጣቻቸው። በሩ ላይ እናቷ «ተቆጣሽ?» አሏት። አልተቆጣሁም ብላ ወረደች፤ ተቆጥታ ነበር።

ማታ ወንድሟ ደውሎ ነገሩን ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ። ሁለተኛ ምስክር ስትፈልጊ የገዛ እናትሽን እንዳትጠሪ ብሎ መከራት። እሷ አልሳቀችም። ያናደዳት ቅጣቱ አልነበረም፤ መሸነፉም አልነበረም፤ ሰዓቱን መሳቷ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ከንፈሯ ላይ እንዳስነካች ታስታውሳለች፤ ቁልፉ እጇ ላይ እንደነበረም ታስታውሳለች። ቀስ በቀስ ግን ሌላው መጣላት። ሻዩ ሁለት ብርጭቆ ነበር። ስለ አዲሱ የክፍል ኃላፊ፣ ስለ ተበላሸው ማሽን፣ ስለ ራስ ምታቷ ስትናገር ቆይታለች። ያን ሁሉ ያወራችው እሷ ነች። እናቷ ከ«እህ» በቀር ያሉት ነገር ትዝ አላላትም። ከሌላ ሰው ጋር እንደዚያ ካወራች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ብታስብ አላገኘችውም።

ሁለት ቅዳሜ አልሄደችም። መድኃኒታቸውን በወንድሟ እጅ ላከች፤ ወንድሟም ሱቁን ዘግቶ አደረሰ፤ ይህም ራሱ በቤተሰቡ ዘንድ ተአምር ተብሎ ተወራ። በሦስተኛው ቅዳሜ መኪናዋን ሆስፒታሉ ግቢ ትታ በአውቶቡስ ሄደች። እናቷ በሩን ከፍተው ያለ ወትሯቸው ቀድመው ወንበር አልሳቡላትም፤ ትቀመጥ አትቀመጥ እንደሆነ የሚያዩ ይመስል ቆሙ።

ሰከንድ እግራቸውን ተመለከተች። ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ የእግራቸው ጥፍር አድጎ አንደኛው የነጠላ ጫማቸውን ጎን ሸርፎታል። ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው። ይሄማ ለሰው የሚነገር ነገር ነው ወይ አሉ።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበችላቸው። ጥፍሩ እስኪለሰልስ ነከሩት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አንዱን እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በፎጣ አደረቀችውና ጥፍሩን በመቀስ መቁረጥ ጀመረች። ትንሿን ጣት ስትጨርስ እናቷ ስለ ላይኛው ፎቅ ተከራይ አንድ ነገር መናገር ጀምረው ነበር፤ ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ድምፃቸው ጠፋ። ቀና ብላ ብታይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የቀረውን እግር ሳትነካ መቀሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ እንዳይበርዳቸው የያዘችውን እግር በፎጣው ሸፈነች።