ለአምቡላንሷ ያልደወልኩ ቀን

የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። መምህር ሲቀር ተተኪ የምጠራው እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር የስድስት ሰዎች ስልክ ቁጥር አለ፤ ከላይ ጀምሬ እደውላለሁ፣ ያላነሳ ቀረበት፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የርዕሰ መምህሩ ሕግ ነው እንጂ የኔስ አንጀት አይችልም።

ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችውን ልጅ «አምቡላንሷ» ነው የምንላት። ሁለቴ ሳይጠራ ታነሳለች፣ ደወል ሳይደወል ትደርሳለች። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ። ሒሳብ ስትባል ሒሳብ፣ ስፖርት ስትባል ስፖርት። አንድ ቀን ሙዚቃ ግቢ ብለናት፣ በዚያ በሻከረ ድምጿ ልጆቹን በሳቅ ገደለቻቸው። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ የተማሪዎቹን ስም በያዘች ማግስት ባለክፍሉ ይመለስና እሷ ወደ ቤቷ! ቋሚ ቅጥር ሲሏት ሲሏት ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት።

ዘንድሮ ግን እውነትም አንድ ቦታ ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ «ሲያስተምሩ አይቼ ነው የምቀጥረው» አለ። መቼ እንደሚያይ ግን ለማንም አልተነፈሰም። እኔ በልቤ የሷ ነው ብዬ ጨርሼዋለሁ።

እናቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። እዚህ ከተማ ከሷ በቀር ማንም የላቸውም፤ በደወልኩ ቁጥር ጎረቤት ለምና ነው ጥላቸው የምትመጣው። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ «እማዬ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች» አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። አንጀቴን በላችው።

ረቡዕ ጠዋት የሳይንስ መምህሩ ቀረ። ቁጥሯን ግማሽ ድረስ ነካሁና ተውኩት። ለዛሬ እንኳ እናቷ አጠገብ ትዋል ብዬ ሁለተኛውን ልጅ ጠራሁ።

ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘሩን አስከትሎ ልጁ የሚያስተምርበት ክፍል ገባ፤ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ከሰዓት በኋላ የቅጥር ደብዳቤ ጻፊ ተባልኩ፣ በልጁ ስም።

«የዚያችስ ልጅ ነገር?» አልኩት።

«የመጣውን አየን፤ የቀረ ቀረ» አለኝ።

ልጁን አልረግመውም፣ እሱም ችግረኛ ነው። ደብዳቤውን ግን ሦስቴ ተሳስቼ ነው የጨረስኩት።

ቢሮዬን ልዘጋ ስል መጣች። ሰምታለች።

«እትዬ፣ ምነው ሳይደውሉልኝ? ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለባብሼ ስልኩን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር እኮ።»

መስመር ተበላሽቶ ነው ልላት አሰብኩ፤ ከአፌ አልወጣ አለ።

«አሳዝነሽኝ ነው የኔ ልጅ» አልኳት። «ዛሬን ከእናትሽ ጋር እንድትውዪ ብዬ ነው።»

እንደመሳቅ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እማዬ ቤት የለችም እኮ። ትናንት ማታ ክፍለ ሀገር አክስቴ ጋ ላክኋት። አልሄድም፣ እዚሁ ልሙት እያለች እያለቀሰች በግድ ነው መኪና ያሳፈርኳት። እርስዎ ሲደውሉልኝ እንዳልቀር ብዬ።»